ካሜራውን ለምን አይጥለውም? በፋውንድ ፉቴጅ አስፈሪ ፊልሞች ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሰዎቹ ጠፍተው ካሜራቸው ብቻ ተገኘ ተብሎ የሚቀርበው የአስፈሪ ፊልም ዓይነት፣ ፋውንድ ፉቴጅ የሚባለው፣ ተመልካቹን «ይህ በእርግጥ ሆኗል» ብሎ ይጀምራል። ያንን እምነት የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ የጭራቁ አሠራር አይደለም፤ የሰዎቹ አድራጎት ነው። ዘርፉን ከልቤ ስለምወደው፣ በቀላሉ ሊቀሩ በሚችሉ ስህተቶች ሲበላሽ ማየት ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ያለ ምክንያት መቅረጽ ነው። ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ሁለቱም እጆቹ ያስፈልጉታል፤ በር ይገፋል፣ የወደቀ ጓደኛውን ያነሣል። አንዱን እጁን ለካሜራ ከሰጠ ተመልካቹ ወዲያው «ለምን አይጥለውም?» ይላል። ምክንያቱ ደግሞ ታሪኩ በተለወጠ ቁጥር አብሮ መለወጥ አለበት፤ የልደት በዓል ሊቀርጽ የወጣ ሰው፣ ደም ካየ በኋላ በዚያው ምክንያት ሊቀጥል አይችልም። በ2007 የወጣው የስፔን ፊልም «ሬክ» ይህን አሳምሮ ሠርቶታል። ዘጋቢዋና የካሜራ ባለሙያው መጀመሪያ የሚቀርጹት ሥራቸው ስለሆነ ነው። የገቡበት ሕንጻ ከውጭ ሲታሸግባቸው ቀረጻው ማስረጃ ይሆናል። በመጨረሻ ጨለማ ሲውጣቸው ካሜራው በጨለማ ስለሚያይ ዓይናቸው እርሱ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ቢጥሉት ነበር የሚገርመው።

ከዚሁ ጋር፣ «አጥፋው!» የሚል ሰው መኖር አለበት። እህቱ እያለቀሰች ወንድሟ ቢቀርጻት እጇን ሌንሱ ላይ ትጭናለች። እርሱም ካሜራውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ማጥፋቱን ግን ይረሳል። ምንጣፍና የጫማ ጫፍ እያየን የታፈነ ድምፃቸውን የምንሰማበት ያ ግማሽ ደቂቃ ከብዙ ጩኸት ይልቅ ያሳምነኛል።

ሁለተኛው ለተመልካቹ ተብሎ የሚነገር ንግግር ነው። ወንድም እህቱን «እናታችን ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት» አይላትም፤ ታውቃለች። «የእማዬን ክፍል ማን ከፈተው?» ቢላት ይበቃል።

ሦስተኛው፣ ሰዎቹን ያለ በቂ መነሻ ሞኝ ማድረግ ነው። ሞኝነት ራሱ ጥፋት አይደለም። በ1999 በወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ጫካ ውስጥ ከጠፉት ሦስት ወጣቶች አንዱ ካርታቸውን ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። ድርጊቱ ያናድዳል እንጂ አይጠረጠርም፤ ምክንያቱም ሲደክሙ፣ ሲራቡ፣ መንገዱን አውቃለሁ ከምትለው ጓደኛቸው ጋር ሲነታረኩ አይተናል። ቀራጮቹ ተዋንያኑ ራሳቸው ነበሩ። 8 ቀን ያህል በሜሪላንድ ጫካ ሲቆዩ ዳይሬክተሮቹ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ የመመሪያ ማስታወሻ ያስቀምጡላቸው፣ ምግባቸውንም ቀን በቀን ይቀንሱባቸው ነበር። ንትርካቸው የተጠና የማይመስለውም ለዚህ ነው።

አራተኛው መውጫውን ክፍት መተው ነው። ቤቱ ክፉ ከሆነ ለምን አይለቁትም? ቤታቸው ውስጥ መንፈስ ስለሚረብሻቸው ጥንዶች የሚተርከው ፊልም «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» መልሱን ገና ከጅምሩ ሰጥቷል፤ መንፈሱ የሚከተለው ሴቲቱን እንጂ ቤቱን አይደለም ተብሎ ይነገራቸዋል። ሌሊት ማን ይቀርጻል የሚለውንም መኝታ ክፍል የቆመው ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ መልሶታል። ጥያቄው በተመልካቹ አእምሮ ከመነሣቱ በፊት እንዲህ በአጭሩ መዝጋት ይገባል፤ ዘግይቶ የመጣ ማብራሪያ ሰበብ ይመስላል።

የቴክኒክ ስህተቶቹን ለማረም ብዙ አያስፈልግም። አንድ ካሜራ ባለበት ክፍል ከሁለት አቅጣጫ የተቀረጸ ውይይት አይኑር፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሙዚቃም እንዲሁ። ባትሪም ያልቃል።

የመጨረሻው ግን ከሁሉም ይልቅ ያሳዝነኛል፤ ኀዘን መዝለል። ጓደኛው ከጠፋ አሥር ደቂቃ ያልሞላው ሰው ስለ ቀጣዩ እቅድ በተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ሲያወራ አላምነውም። እውነተኛ ሰው መልስ እንደማያገኝ እያወቀ ደጋግሞ ይደውላል። የጠፋውን ጓደኛውን ጃኬት ከመሬት አንሥቶ፣ አጥፎ፣ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፤ ሲመጣ ይበርደዋል ብሎ።