ልጆችን የቤት ስራ ስታግዙ መጀመሪያ ጥያቄውን አስነብቧቸው

ታናሽ ወንድማችሁ ወይ የጎረቤት ልጅ ደብተሩን ይዞ መጥቶ «ይሄን ስሩልኝ» ሲላችሁ ወዲያው እስክሪብቶ እንዳታነሱ። ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፣ ከዛ ደብተሩን ክደኑትና «ምንድነው የጠየቀህ?» በሉት። እኔ ሳስጠና እንደማየው ሒሳብ አይገባኝም የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ መደመር ማባዛቱን አሳምሮ ይችላል፣ የሚጠፋበት ንባቡ ላይ ነው፣ በተለይ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ባሰ። በአማርኛ በራሱ አነጋገር ይንገራችሁ፣ ምንም ችግር የለውም።

ለምሳሌ እንዲህ የሚል ዎርድ ፕሮብለም (በቃላት የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ) ይምጣ፦ አንድ መጽሐፍ 20 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት 240 ብር ተሸጠ፣ የመጀመሪያ ዋጋው ስንት ነበር? ብዙ ልጅ የ240 ሃያ በመቶ 48 ነው ብሎ ይደምርና 288 ይላል። እዚህ ጋ ባካችሁ «ተሳስተሃል፣ 300 ነው» አትበሉት። «እሺ 288 ይሁን፣ እስኪ 20 በመቶውን ቀንስለት» በሉት። 57.60 ሲቀነስ 230.40 ይመጣል፣ ጥያቄው ግን 240 ነው ያለው። ልጁ ግራ ይገባዋል፣ ይግባው፣ ትንሽ ዝም በሉትና ያስብበት፣ ትምህርቱ የሚገባው እዛች ደቂቃ ላይ ነው። ከዛ «20 በመቶ የተቀነሰው ከምኑ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከድሮው ዋጋ መሆኑን ካየ በቃ አለቀ፣ 240 ማለት የድሮው 80 በመቶ ነው፣ 10 በመቶው 30 ብር ይሆናል፣ ሙሉው 300። መልሱን መልሶ ጥያቄው ውስጥ ከትቶ ማረጋገጥ ካስለመዳችሁት ፈተና ላይ እናንተ ባትኖሩም ስህተቱን ራሱ ይይዛል።

ስነ ጽሑፍ ላይም ነገሩ ያው ነው፣ እንደውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ልጆች ታሪኩን ሳያነቡ ነው ጥያቄው ላይ የሚዘሉት። ገፀ ባህሪ፣ መቼት (ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ)፣ ግጭት፣ ጭብጥ የሚባሉትን ትርጉማቸውን በቃላቸው ይዘውታል፣ ታሪኩ ውስጥ አሳዩኝ ስትሏቸው ግን ዝም። «ጭብጡ ምንድነው?» ሲባል «ስለ ድህነት ነው» ብሎ ያቆማል። እሱ ገና ርዕሰ ጉዳይ ነው። «ስለ ድህነት ምን አለ ታዲያ?» በሉት። «ድህነት ወንድማማቾችን እንኳን ያጣላል» ዓይነት ሙሉ አረፍተ ነገር ሲያመጣ ያኔ ጭብጥ ሆነ። ገፀ ባህሪዋ ኩሩ ናት ካለም «ከየት አወቅክ?» ብላችሁ ወደ ገፁ መልሱት፣ ምን ስትል ወይ ምን ስታደርግ እንደሆነ በጣቱ ያሳያችሁ፣ መልሱንም ሲጽፍ ያቺን ቦታ ይጥቀስ። እናንተ ያሰባችሁት ሌላ ቢሆንም ከታሪኩ ማስረጃ እስካመጣ ድረስ ተቀበሉት፣ የራሱን ሀሳብ የማይደፍር ልጅ ድርሰት መጻፍም ይከብደዋል እኮ።

አሁን አሁን ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ወይ ቻትጂፒቲን መጠየቅ ተለምዷል። መከልከሉ ብዙም አያዋጣም፣ ብቻ መጀመሪያ ራሱ ይሞክር፣ ያመጣውን መልስ ደግሞ ስልኩን አስቀምጦ በባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ይስራላችሁ። ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው።

እናንተም የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ ገምታችሁ እንዳትነግሩት። የቻለውን ያህል ሰርቶ የቆመበት መስመር ላይ ምልክት ያድርግበትና ጠዋት መምህሩን «እዚህ ድረስ ሰርቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ነው ያልገባኝ» ብሎ ይጠይቅ።