ከወጥ ቤቱ በር ስድስት እርምጃ

ጤና አዳም ከጓሮ ተቀንጥሶ ስኒ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቡናው መቀዝቀዝ የለበትም። የቅመም ጓሮዬን ያቀድኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው። ቀድሞ መደቡ ከግቢው ጫፍ ነበር። ክረምት ሲገባ በዚያ ጭቃ ማን ይሄዳል? በሶብላው አብቦ፣ አርጅቶ ዘሩን ያራግፋል፤ እኔ ደረቁን ከገበያ እገዛለሁ። አሁን ከወጥ ቤቱ በር ስድስት እርምጃ ላይ፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነች ቦታ፣ ዘጠኝ ዓይነት ቅጠል አለኝ።

ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት ጥላውን ተከታተሉ። ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ቀትር በ6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ጥላው የደረሰበትን በአመድ አስምሩ። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ደግሞ በመጠኑ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። የአንዱ ግንብ ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን፣ በሰኔ ወደ ደቡብ ይወድቃል ማለት ነው። ስለዚህ በጥር ጥላ ያገኛችሁበትን ቦታ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ቀጥሎ ተክሎቹን በጥማታቸው ለዩአቸው። አጥብቄ የምናገረው ይህን ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ዓመት ያበላሸብኝ እሱ ነው። የጥብስ ቅጠል የምንለውን ሮዝመሪ ከናና ጎን፣ ዝቅ ካለው ቦታ ተክዬው ነበር። የክረምቱ ውኃ እዚያው ተኛ። ናናው ደስ ብሎት ተንሰራፋ፤ ሮዝመሪው ነሐሴ ላይ ከሥር ወደ ላይ እየጠቆረ ሄደ። ስነቅለው ሥሩ በስብሷል። አሁን መደቤ ተዳፋት ነው፦ ከላይ ሮዝመሪ፣ ጦስኝና ጤና አዳም፤ ከታች ናና፣ ጠጅ ሳርና በሶብላ።

የእኔ ግቢ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የላይኛውን ክፍል በድንጋይ ከልዬ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አደረግሁትና ከቀይ አፈር ጋር ብዙ አሸዋ ቀላቀልኩበት። ጦስኝ በባሌና በሰሜን ተራሮች ድንጋያማ ሜዳ ላይ የሚበቅል ተክል ነው፤ ፍግ ካበዛችሁለት ቅጠሉ ይለመልማል፣ ሽታው ግን ይሳሳል። ፍጉን፣ ያውም በደንብ የበሰበሰውን፣ ለታችኞቹ ስጡ።

አቀማመጡን በመስመር አታድርጉት። ኮሰረት ቁጥቋጦ ሆኖ ከሰው ቁመት ሊያልፍ ስለሚችል ከግንቡ ሥር ይሁን፤ ጠጅ ሳሩም ከእርሱ ጎን። ጦስኝ ድንጋዩ ላይ ይንጠልጠል። በመሀል ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጣሉ፤ እጃችሁ የማይደርስበት ቅጠል ሳይቀነጠስ ያረጃል። ናና ግን ነፃነት አይሰጠውም። ሥሩ ከመሬት በታች እየሄደ መደቡን ሁሉ ይወርሳል፤ ስለዚህ አናቱ የተቆረጠና ታቹ የተበሳ አሮጌ ጀሪካን ቅበሩና ውስጡ ትከሉት። የጀሪካኑ አፍ ከአፈሩ አራት ጣት ከፍ ይበል።

ጤና አዳም ለበሩ ቅርብ ይሁን እንጂ ልጆች ከሚሮጡበት ዳር አይሁን። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ስትከረክሙት እጃችሁን ሸፍኑ። ነፍሰ ጡር ሴትም ቅጠሉን በቡናም ሆነ በሻይ እንዳትወስድ።

ለመትከል ሰኔ ይሻላል። የኮሰረትና የሮዝመሪ ዘንግ በአንድ ስንዝር ቆርጣችሁ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፋችሁ አሸዋማ አፈር ውስጥ ጥላ ሥር ሰኩት፤ ዝናቡ ያሳድግላችኋል። ጠጅ ሳር ካለው ሰው ከነሥሩ ከፍሎ መውሰድ ነው። በሶብላ ከዘር ይበቅላል። ለሽሮና ለበርበሬ የምትፈልጉት ከሆነ አበባው እስኪወጣ ታገሡት፤ እኔ ጋ መስከረም ላይ ይደርሳል። አበባውን ከነዘንጉ ቆርጣችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ በሶብላው ያልቃል፤ ነቅዬ በቦታው ድንብላል እዘራለሁ። ድንብላል ተነቅሎ መተከል አይወድም፣ እዚያው ዘርታችሁ አሳሱት።

በረንዳ ብቻ ላላችሁ የቀለም ባልዲ ታቹን በስታችሁ መጠቀም ይበቃል፤ በአንድ ባልዲ አንድ ዓይነት።

አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ባዶ ተዉ። እኔ የተውኩትን ጎረቤቴ አይታ አንድ ማለዳ የዳማከሴ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች፤ ልጆቹን ምች ሲመታቸው እናቷ የምታሽላቸው ከዚያው ተክል ነበር። አሁን ከጉልበቴ በላይ ሆኗል።