ለውጥ ፈልገን ግብ ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ የቆየ ማስታወሻ ደብተር አለኝ። በአራት ገጾቹ ላይ፣ በአራት የተለያዩ ዓመታት የተጻፈ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ይገኛል፦ «ዘንድሮ ብዙ አነባለሁ»። በአንደኛው ገጽ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ፍላጎቴ እውነተኛ ነበር፤ በየዓመቱ ግን እዚያው ገጽ ላይ ቀርቷል። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ያወቅኋቸው እየሠራኋቸው ነው።

መጻፍ ብቻውን ይበቃል ማለት

እ.ኤ.አ. በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት መካከል ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶዎቹ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሀብት አፈሩ የሚል ታሪክ በየሥልጠናው ይነገራል። እንዲህ ያለ ጥናት ጭራሽ አልተካሄደም። መጻፍ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ጥቅሙ በሚጻፈው ነገር ይወሰናል። ኤድዊን ሎክ እና ጋሪ ላተም የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ቁርጥ ያለና ከበድ ያለ ግብ የያዙ ሰዎች «የቻላችሁትን ያህል ሥሩ» ከተባሉት የተሻለ እንደሚሠሩ ደጋግመው አይተዋል። «ብዙ አነባለሁ» ማለት ስንት ገጽ ነው? መልሱ ካልታወቀ፣ ያነበብነው ሁሉ በቂ ሊመስለን ይችላል፤ ምንም ያላነበብንበት ሳምንትም ሳይታወቀን ያልፋል።

ግቡን ያለ ሰዓትና ያለ ቦታ መተው

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ ከግቡ ጎን «ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ» የሚል ውሳኔ መጨመር ያለውን ኃይል ለዓመታት አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ ተማሪዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ስለ ልብ በሽታ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ብቻ ካነበቡት ተማሪዎች ውስጥ በሳምንቱ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የሠሩት 35 በመቶ ብቻ ናቸው። ያንኑ አንብበው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚሠሩ የጻፉት ግን 91 በመቶ ሠርተዋል። ማስጠንቀቂያውን ሁለቱም ወገኖች ሰምተዋል፤ ልዩነቱን ያመጣችው ያቺ አንዲት መስመር ናት።

እኔም ዓረፍተ ነገሬን ቀየርኩት፦ «እራት በልቼ ሳህኑን ካጠብኩ በኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ 10 ገጽ አነባለሁ»። መጽሐፉን ጠዋት ከቤት ስወጣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬው እሄዳለሁ። ማታ ልቀመጥ ስል መጀመሪያ እሱን ማንሳት ግድ ይሆንብኛል፤ አንዴ እጄ ከገባ ደግሞ መክፈት ቀላል ነው። ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ እተወዋለሁ። እንዲህ ያለው ዝግጅት የሚጠቅመው በጣም በሚደክመን ምሽት ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ልንወስነው የቀረ ነገር አይኖርም።

በፍጻሜው ሕልም መርካት

ጋብሪዬለ ኧቲንገን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ክብደት ለመቀነስ በሚሞክሩ ሴቶች ላይ ባደረገችው ጥናት፣ ቀጥነው የሚታዩበትን ቀን በጣፋጭ ሕልም የሚያልሙ ሴቶች የቀነሱት ክብደት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ይሳካልኛል ብሎ ማመን ግን ጠቅሟል። ሁለቱ እንዲህ ይለያያሉ። ስለዚህ ፍጻሜውን ካሰባችሁ በኋላ ወዲያውኑ «የሚያሰናክለኝ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መሰናክሉን በስሙ ጥሩትና ያን ጊዜ ምን እንደምታደርጉ ወስኑ።

የሌላ ሰው ግብ መያዝ፣ አምስት ግብ በአንድ ቀን መጀመር

ስለነዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሌላው እንዲያደንቀን ብለን የያዝነው ግብ ተመልካች ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። አምስቱን በአንድ ጊዜ የጀመረም አምስቱንም በአንድ ጊዜ ሊተው ይችላል።

21 ቀን ቆጥሮ መጠበቅ

ይህ ቁጥር የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መባቻ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለው ቃል በአፍ ስትዞር ጠፋች። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትለው ሲለኩ፣ አንድ ድርጊት ልማድ ለመሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጀ፤ የሰዎቹ ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርስ ነበር። በሃያ ሁለተኛው ቀን አሁንም ከከበዳችሁ፣ ስንፍና አይደለም፤ ገና መንገድ ላይ ናችሁ።

ያመለጠ ቀንን እንደ ፍጻሜ መቁጠር

በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አላሰናከለውም። የሚያሰናክለው «አንዴ ከተበላሸ ወዲያ» ብለን የቀረውን ሁሉ ስንለቀው ነው። አምና ታምሜ ለአራት ምሽት ምንም አላነበብኩም። በደብተሬ ላይ፣ በየምሽቱ ያነበብኩትን የገጽ ብዛት በምጽፍበት ዓምድ ውስጥ፣ አራቱ መስመሮች ዛሬም ባዶ ናቸው። አምስተኛው ላይ «2 ገጽ» ይላል።