ላይክ አለ፣ ገበያ የለም፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሱቆች የኦንላይን ችግርና መፍትሄ

ፖስቱ ታይቷል፣ ልብ ተጭኖለታል፣ ስልኩ ግን አይጮህም። ብዙ ባለሱቅ በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚያስበው ቡስት ማድረግን፣ ማለትም ፖስቱ ለብዙ ሰው እንዲታይ ለፌስቡክ መክፈልን ነው። ከዚያ በፊት ግን ደንበኛው የቱ ጋ እንደተመለሰ ማወቅ ይቀድማል። ገዢ መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይጠይቃል፣ ይከፍላል፣ ዕቃውን ይረከባል። ቡስት የሚያግዘው ማየቱን ብቻ ነው፤ ሌላው ከተበላሸ በገንዘባችሁ ብዙ ሰው ጠርታችሁ ከደጅ ትመልሳላችሁ።

ስለዚህ ደብተር ያዙና የመጨረሻዎቹን 10 ፖስቶች ቁጠሩ፦ ስንት ሰው አየው፣ ስንቱ ጻፈ ወይም ደወለ፣ ስንቱ ገዛ። ቁጥሩ ድንገት ያሽቆለቆለበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ ያለው። ከታች የእናንተን ምልክት ፈልጉና ከእሱ ጀምሩ።

ብዙ ሰው ያየዋል፣ የሚጠይቅ የለም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዋጋ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ፖስት ሰው ያርቃል። ጠይቆ ሲወደድበት «ይቅርብኝ» ማለት የሚከብደው ሰው ብዙ ስለሆነ ሳይጠይቅ ያልፋል። ባለሱቆች ዋጋ የሚደብቁት ጎረቤት እንዳያውቅባቸው ነው። ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ ውስጥ ግን ጎረቤት ዋጋችሁን ከጠዋት ጀምሮ ያውቀዋል፤ የማታውቀው ሳቢያን ሰፈር ቤቷ ተቀምጣ ስልኳን የምታየው ደንበኛ ናት። ዋጋው በክርክር የሚቆረጥ ከሆነ «ከዚህ ብር ጀምሮ» በሉና የሚለያይበትን ምክንያት ጻፉ፦ ለሐረር ስፌት ስፋቱና የአሠራሩ ረቂቅነት፣ ለቡና ጥሬ ወይም የተቆላ መሆኑ፣ ለልብስ ጨርቁና ልኩ።

የዕቃው ስም፣ ልክ፣ ዋጋ፣ የሱቁ ቦታና ስልክ ከላይኞቹ መስመሮች ላይ ይቀመጡ። ፌስቡክ ረዘም ያለውን ጽሑፍ ቆርጦ ስለሚደብቀው፣ ሰላምታና ምርቃት ከፊት ከቀደመ ዋጋው ሳይነበብ ይቀራል።

ዋጋ ተጽፎም ጥያቄ ከሌለ ወደ ቴሌግራሙ ሂዱ። ቻናል ላይ የሚጽፈው ባለቤቱ ነው፤ የአስተያየት መስጫ ካልከፈታችሁለት ተከታዩ ያነባል እንጂ እንደ ግሩፕ እዚያው መልስ አይጽፍም። የሚያናግርበት አድራሻ ካልተሰጠው ይሄዳል። ከስልካችሁ ላይ የቴሌግራም ዩዘርኔም (በ@ የሚጀምር መጠሪያ) አውጡ፣ በቻናሉ መግለጫና በየፖስቱ ግርጌ ከስልክ ቁጥር ጋር አስገቡ። ከዚያ የሌላ ሰው ስልክ ተቀበሉና ለራሳችሁ ለመጻፍ ሞክሩ፤ መንገዱ እናንተን ካደከመ ደንበኛውንም ያደክማል።

ሌላው ፎቶን በፋይል መልክ መላክ ነው። ለባለሱቁ ጥራት ያለው ይመስለዋል፤ ደንበኛው ግን የሚያየው የፋይል ምልክትና ትንሽ ምስል ነው፣ ዳታ እየቆጠረ ያለ ሰው ደግሞ አያወርደውም። ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ላኩ። ቪዲዮም ከ30 ሰከንድ ባይበልጥና ከፊቱ አንድ ፎቶ ቢቀድመው ይሻላል።

ቋንቋውንም አትርሱ። የድሬ ሰው ሲያወራ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ያፈራርቃል፣ ፖስቱ ግን አማርኛ ብቻ ነው። ሁሉን መተርጎም አያስፈልግም፤ የዕቃውን ስምና ዋጋ በኦሮምኛ በቁቤ አንድ መስመር፣ በሶማልኛ አንድ መስመር ጨምሩ። የሚጽፈው አፉን የፈታበት ሰው ይሁን፤ በመተርጎሚያ መተግበሪያ የወጣ ጽሑፍ ያስታውቃል።

ፎቶው ላይ ቀለሙ ሌላ፣ ሱቅ ውስጥ ሌላ

ቢጫ አምፖል ነጩን ክሬም፣ ሰማያዊውን አረንጓዴ ያስመስለዋል። የድሬ የቀትር ፀሐይ በበኩሉ ቀለም ያነጣል፣ ጥላም ያጠቁራል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ፣ በረንዳ ጥላ ውስጥ አንሱ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ብዙ ብዥታ የጣት ቅባት ነው።

ፖስቱ ባልታሰበ ሰዓት ይወጣል፤ ጎግል ማፕ ክፍት ሱቅን «ዝግ» ይላል

ሁለቱም ከአንድ ስህተት ይመጣሉ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲወጣ ብላችሁ 2:00 ፒኤም ስትሞሉ ፖስቱ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ጋደም ባለበት ይወጣል። ትክክለኛው 8:00 ፒኤም ነው። ጎግል ላይም ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚከፍት ሱቅ 8:00 ኤኤም፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ 8:30 ፒኤም ብሎ ይሞላል። ቀትር ላይ የምትዘጉ ከሆነ አንድ ቀን ሁለት የሥራ ሰዓት መያዝ ስለሚችል ሁለተኛውን ጨምሩበት፤ የዓርብን ሰዓትም ለብቻው አስተካክሉ። አለበለዚያ በፀሐይ ተጉዞ የተዘጋ በር ያገኘ ሰው አይመለስም።

ስማችንን እየጻፉ አያገኙንም

አንዱ «ሐረር»፣ ሌላው «ሀረር» ይላል። ድሬዳዋም ተያይዞና ተለያይቶ ይጻፋል። ብዙ ወጣት ደግሞ የሚፈልገው በላቲን ፊደል ነው። እኛ አንድ ቃል ነው ብንልም የመፈለጊያው ሳጥን እንደ ተለያየ ቃል ሊያየው ይችላል። በፌስቡክ ገጻችሁ መግለጫ ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ። ቴሌግራም ሲፈልግ የሚያየው የቻናሉን ስምና ዩዘርኔም ስለሆነ፣ ስሙ ራሱ አማርኛውንም ላቲኑንም ይያዝ። ዩዘርኔሙ በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በስር መስመር ብቻ ይጻፋል፣ ከ5 ፊደል አያንስም። ቻናሉም «የሕዝብ» ተብሎ ካልተከፈተ በፍለጋ አይመጣም።

ጀጎል ውስጥ ያሉ ሱቆች ተጨማሪ ፈተና አለባቸው። በጠባቡ መንገድና በድንጋይ ግንቡ መሃል የስልክ ሎኬሽን ይንሸራተትና ደንበኛውን ከግንቡ ማዶ ያለ ጎዳና ላይ ያቆመዋል። ጎግል ማፕን ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሩና ምልክቱን በእጃችሁ ጎትታችሁ ጣሪያችሁ ላይ አስቀምጡ። መግለጫው ላይ ሰው እንደሚናገረው ጻፉ፦ «ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር ወደ ግድር መጋላ ሲወርዱ፣ በግራ ሦስተኛው በር»። ዕቃ የምታደርሱ ከሆነ በየትኛው በር እንደምትገናኙ፣ ሸዋ በር ይሁን ኤረር በር፣ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ባጃጁ የማይገባበት መንገድ ብዙ ነው።

ጎግል ሱቁን ለማረጋገጥ ቪዲዮ ሲጠይቅ ቆራርጦ መቅረጽ ሊያስከለክል ይችላል። ከመንገዱ ጀምሩ፣ የሱቁን ስም ሰሌዳ አሳዩ፣ በሩን በቁልፍ ክፈቱ፣ ግቡ፣ የንግድ ፈቃዱን አሳዩ። ሁሉም ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ ይሁን።

ቡስት ተከፈለበት፣ ላይክ መጣ፣ ደንበኛ አልመጣም

ሁለት ነገር እዩ። ግቡ ላይክ ወይም ተሳትፎ ተብሎ ከተመረጠ ፌስቡክ ላይክ መጫን የሚወዱ ሰዎችን ይፈልግላችኋል፤ «መልዕክት» የሚለውን ምረጡ። ቦታው በደፈናው ኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ ብራችሁ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ይበተናል። ካርታው ላይ ነጥቡን ከተማችሁ ላይ አድርጉና ዙሪያውን አጥብቡ። ድሬዳዋና ሐረር በመንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም ቀጥታው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለድሬ ብቻ ከሆነ 17 ኪሎ ሜትር ይበቃል፣ ሐረርንም ለማካተት 50 አድርጉት።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሚሆን ብዙዎች በሌላ ሰው ያስደርጋሉ። የይለፍ ቃል አትስጡ። በገጹ ቅንብር ውስጥ ለሰውየው የማስታወቂያ ፈቃድ ብቻ መስጠት ይቻላል፤ «ሙሉ ቁጥጥር» የሰጣችሁት ሰው እናንተን ራሳችሁን ከገጻችሁ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ይጠይቃሉ፣ አይገዙም

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ዘግይቶ ነው። ዋትስአፕ ቢዝነስ በነጻ የተዘጋጀ መልስ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሄድ መልዕክትና የዕቃ ማውጫ አለው። ፌስቡክ ላይ ደግሞ «የመልዕክት ጥያቄዎች» እና «ስፓም» የሚሉትን ሳጥኖች በየቀኑ ክፈቱ፤ አዲስ ደንበኛ እዚያ ተቀብሮ ይቆያል።

ክፍያ ላይ፣ የደንበኛ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። በደቂቃ ይቀየራል። ቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣውን መልዕክት በራሳችሁ ስልክ አይታችሁ፣ ሒሳቡ መጨመሩን አረጋግጣችሁ ዕቃ ልቀቁ። ሱቅ የሚቆመው ሠራተኛ፣ ሲሙ ያለው ባለቤቱ ኪስ ከሆነ ይህ ማጣራት አይሠራም፤ ገቢው የሚታይበት ስልክ ሱቁ ውስጥ ይቀመጥ።

ቻናሉ ከእጅ ወጣ

በሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው «ለውድድር ድምፅ ስጡኝ» ወይም «ገጽዎ ሊዘጋ ነው» የሚል ሊንክ ከፍቶ በስልክ የመጣውን የመግቢያ ኮድ መስጠት ነው። ሁለተኛው ቻናሉ የተከፈተው በሠራተኛ ስልክ መሆኑና ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ይዞት መሄዱ ነው።

ለመጀመሪያው፣ ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል) ዛሬውኑ ክፈቱ፣ የማስመለሻ ኢሜይልም ሙሉ። ኮዱ ከወጣ በኋላ ከሆነ ደግሞ ፍጠኑ፦ «መሣሪያዎች» ውስጥ ገብታችሁ ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ። አዲስ የገባ መሣሪያ ለ24 ሰዓት ነባሮቹን ማስወጣት ስለማይችል ያቺ ቀን የእናንተ ናት።

ለሁለተኛው፣ ባለቤትነቱን ወደ ራሳችሁ መስመር አዛውሩ። ቴሌግራም የሚያዛውረው የአሁኑ ባለቤት ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከከፈተ ቢያንስ 7 ቀን ሲሆነውና በዚያ መሣሪያ ላይ 24 ሰዓት ሲቆይ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው «ልለቅ ነው» ባለ በመጨረሻው ቀን አይሆንም፤ ማረጋገጫውን አሁን ክፈቱለት፣ በሳምንቱ አዛውሩ፣ እሱን አስተዳዳሪ አድርጋችሁ መልሱት።