የሊኑክስ ድራይቨር ሪሶርስ አያያዝን ስታስተካክሉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሪሶርስ አያያዝ ስህተት፣ ማለትም ድራይቨሩ (መሣሪያውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ለሥራው የሚይዛቸውን ሜሞሪ፣ ክሎክና ኢንተረፕት የመሰሉ ነገሮች በአግባቡ አለመያዝ ወይም አለመልቀቅ፣ መሣሪያው በደህና እየሠራ ሳለ አይታይም፤ የሚታየው ድራይቨሩ ከመሣሪያው ሲላቀቅ ወይም አጀማመሩ መሃል ላይ ሲከሽፍ ነው። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለውን የጀማሪዎች መልስ አልቀበለውም።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው በ«ዴቭኤም» የተያዙ ሪሶርሶችን በእጅ ከሚለቀቁት ጋር መቀላቀል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) የገባው ይህ አሠራር የተመዘገቡለትን ሪሶርሶች ከተያዙበት ቅደም ተከተል በተቃራኒ ራሱ ይለቅቃል፤ የሚለቅቀው ግን ድራይቨሩ ሲላቀቅ የሚጠራው የ«ሪሙቭ» ፋንክሽን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል። ኢንተረፕቱን (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) በዴቭኤም ያስይዙና ክሎኩን (ለመሣሪያው የሥራ ምት የሚሰጠውን) በሪሙቭ ውስጥ በእጃቸው ያጠፋሉ። ክሎኩ ከጠፋ በኋላ ኢንተረፕቱ እስኪለቀቅ ባለችው ክፍተት ኢንተረፕት ከመጣ ሃንድለሩ (ኢንተረፕት ሲመጣ የሚጠራው ፋንክሽን) ክሎክ የሌለውን ሬጅስተር (የመሣሪያውን መቆጣጠሪያ ቦታ) ሊያነብ ይሞክራል፤ በብዙ የአርም ቺፖች ላይም ቦርዱ አንዳች መልእክት ሳያወጣ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ፒያሳ ባለው የሥራ ክፍላችን አንድ ጎበዝ ጀማሪ ይህንኑ አይቶ ጥፋቱን በመብራት መቆራረጥ ላይ አላከከና ስታብላይዘር ሊገዛ መርካቶ ወረደ። ሰበቡ ለአዲስ አበባ ሰው አሳማኝ ቢሆንም፣ ቦርዱን ያደረቀው ሪሙቭ ውስጥ ያለችው ክሎክ ማጥፊያ መስመር ነበረች። ክሎኩንም ከኢንተረፕቱ አስቀድሞ በዴቭኤም ማስያዝ፣ አለዚያም ሁለቱንም በእጅ፣ ኢንተረፕቱን አስቀድሞ፣ መልቀቅ ነው።

ሃንድለሩ የሚጠቀምበት ሎክ (ሁለት ሥራዎች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከላከለው) እና ሜሞሪ ሳይዘጋጅ ኢንተረፕት ማስመዝገብም የዚሁ ስህተት ዘመድ ነው፤ የኢንተረፕቱ መስመር ከሌላ መሣሪያ ጋር የጋራ ከሆነ ሃንድለሩ ከተመዘገበበት ቅጽበት ጀምሮ ሊጠራ ይችላል።

የመሣሪያውን ሬጅስተሮች ለድራይቨሩ ከሚከፍቱት ፋንክሽኖች «ዴቭኤም_አይኦሪማፕ» ሲከሽፍ ናል (ባዶ ፖይንተር)፣ «ዴቭኤም_አይኦሪማፕ_ሪሶርስ» ደግሞ የስህተት ፖይንተር (የስህተት ቁጥር የያዘ) ስለሚመልስ የአንዱን ፍተሻ ለሌላው አትገልብጡ።

ክሎኩ ወይም ሬጉሌተሩ (የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰጠው) ገና ስላልተዘጋጀ «ቆይተህ ሞክር» የሚለው የስህተት ቁጥር -517 የተመለሰላችሁ እንደሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ላይ አሳልፉት። ከርነሉ ቆይቶ እንደገና የሚሞክረው ይህንን ቁጥር ሲያይ ብቻ ነውና፣ «መሣሪያው የለም» በሚለው -19 የተካ ሰው በአንዱ ቡት የሚሠራ፣ በሌላው የሚጠፋ መሣሪያ ይተርፈዋል።

ማስተካከያውን ከመላካችሁ በፊት ኬሳንን (የከርነሉን የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ) አብርታችሁ፣ መሣሪያው ሥራ ላይ እያለ ድራይቨሩን በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ መሣሪያዎችንና ድራይቨሮችን በፋይል መልክ በሚያሳይበት) በኩል ደጋግማችሁ አላቅቁና መልሳችሁ አያይዙ፤ በተላቀቀ ጊዜም በፕሮክ (ከርነሉ ሁኔታውን በሚያሳይበት ማውጫ) ሥር ባሉት የኢንተረፕትና የአይኦ ሜሞሪ ዝርዝሮች ውስጥ ድራይቨሩ ይዞት የነበረ ነገር ቀርቶ እንደሆነ ተመልከቱ።