ግጥሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን የጻፍነውን እናነባለን። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ሱቅ የሚጠብቅ አለ። በጽሑፍ የሚተዳደር የለም፤ ስለምንወደው ነው የምንጽፈው። የብዙ ሰው ደብተር አይቻለሁ፤ ብልሽቱም ተመሳሳይ ነው። «አንብቡ፣ በየቀኑ ጻፉ» የሚለውን አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ።

ምልክት፦ መጻፉ ይቀላል፣ ደስም ይላል፤ ግን አሥረኛው ግጥም ከመጀመሪያው አይለይም

ከአሥር ሰው ስምንቱ ይዞት የሚመጣው ይህንን ነው። መንስኤው ምቾት ነው። የግጥሙ ቤትም (የስንኙ ልክ)፣ ጉዳዩም፣ መዝጊያውም የተለመደ ነው። እጅ ብቻውን ይጽፋል፤ ሐሳብ ቤት ቀርቷል።

አንድ ወጣት መምህር 23 ግጥም የያዘ ደብተር ሰጠኝ። እርሳስ ይዤ መጨረሻ መጨረሻቸውን አሰመርኩ። 19ኙ የሚያልቁት በእንባ ነው። አንዱ እንዲህ ይላል፦

ክረምቱ ሲገባ እንባዬ ይወርዳል፣
ናፍቆትሽ እንደ ጎርፍ ቤቴንም ይወስዳል።

ክፉ ግጥም አይደለም። ግን ሁላችንም ሰምተነዋል። ልጁ የሚጽፈው በወል ቤት ብቻ ነበር፤ ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ እረፍት፣ ስድስት ቀለም። «እንባዬ ይወርዳል» ስድስት ነው። «ናፍቆትሽ እንደ ጎርፍ»ም ስድስት ነው። እነዚህ ሐረጎች ተዘጋጅተው ነው የሚጠብቁት። ቤቱን ሲጀምር ራሳቸው ዘለው ይገባሉ።

መፍትሄው አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ዝናቡን አልከለከልኩትም፤ ክረምት ይወዳል፣ ይጻፍበት። ልኩን ብቻ ወደ ሰንጎ መገን ቀይር አልኩት፤ አምስት፣ እረፍት፣ አምስት። አንዲት ቀለም ብትቀነስ የለመደው ሐረግ ሁሉ አልገባ አለው። ሦስት ሳምንት ተናደደብኝ። በአራተኛው ይህንን ይዞ መጣ፦

ክረምቱ ገባ ቤቱ ያፈሳል፣
ድስቱ ጠብ ሲለው ሌሊት ያለቅሳል።

እንባው ከእሱ ዓይን ወጥቶ ድስቱ ላይ አረፈ። ያ ድስት የእናቱ ነው፤ ቆርቆሮው ከሚያፈስበት ሥር የምትደቅነው። በ23ቱ ግጥም ውስጥ አንድም ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ ልኩንም፣ ጉዳዩንም፣ መዝጊያውንም በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የተውሶ ዕቃ አትጠቀሙ። ጎጃም ተወልዶ፣ ጣናን በዓይኑ እያየ አድጎ ስለ ውቅያኖስ ማዕበል የሚጽፍ ሰው ያናድደኛል። ጣናም ማዕበል አለው። ሄዳችሁ እዩት።

ሦስተኛ፦ አዲስ ነገር እየሞከራችሁ ያለውን ገና በጥሬው ቴሌግራም ላይ አትልቀቁት። ላይክ የሚያገኘው የለመዳችሁት ነው፤ ወደዚያው ይመልሳችኋል።

ምልክት፦ በታላቅ ጉጉት ተጀመረ፤ ከዚያ ደብተሩን ማየት አስጠላ

ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው። ሸክሙ በዝቷል። ነርሷ ከዚያ በፊት የጻፈችው አጫጭር ማስታወሻ ነበር። በአንዴ ተነስታ በጣሊያን ዘመን የሚካሄድ ልብ ወለድ ጀመረች። ዘመኑን አታውቀው፣ ምልልስ ጽፋ አታውቅ። ገጽ 14 ላይ ቆመች፤ ሦስት ወር ብዕር አላነሳችም።

የምታውቀውን ቦታ እንድትይዝና ዓይኑን ብቻ እንድትቀይር ነገርኳት። የሌሊት ተረኛ ሆና የምታድርበት ኮሪደር፣ ግን በአንዲት አስታማሚ አሮጊት ዓይን። አንድ ገጽ ብቻ። ጻፈችው። ሁለተኛውንም ጻፈች።

ለዚህ ምሳሌው ከጎናችን ነው። ጎጃም ባሉት የቅኔ ትምህርት ቤቶች፣ በጎንጅም በዋሸራም፣ የቅኔ ተማሪ መወድስ በሚባለው ረጅም ቅኔ አይጀምርም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ቤቱ የታወቀ ነው፤ በውስጡ የሚቆጥረው (የሚደርሰው) ቅኔ ግን በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት ለመምህሩ የነገረውን ዛሬ ይዞ አይቀርብም። ምቾቱና ፈተናው አንድ ላይ ናቸው።

የክብደቱን ልክ በምን እናውቃለን?

አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ አንድ መስመር ብቻ ወጣ እንበል። ግን ማታ ጋደም ስትሉ ያ መስመር አብሯችሁ ካለ ልክ ነው፤ ቀጥሉ። ደብተሩን ለማየት አንድ ሳምንት ከሸሻችሁ ከብዷል፤ አንድ ደረጃ ውረዱ። እኔ ለከባዱ በሳምንት አንድ ቀን እሰጠዋለሁ። ሌላውን ቀን የምወደውን እጽፋለሁ፤ ማንም እንዲያርመው አልሰጥም። የሚያጽናናችሁን ጽሑፍ በፍጹም አትጣሉ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ሰው ፊት ማንበብ ካስፈራ መጀመሪያ ለአንድ ሰው አንብቡ። ሁሉም መስመር ቤት ሳይመታ ከቀረ ለአንድ ወር ወደ ዝርው (ስድ ንባብ) ሂዱ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ካልጻፈ ብልሽት አይደለም፤ ተዉት፣ ቡና አፍሉለት።