ሐኪሙ ፋታ ካልሰጠዎት፦ በኤአይ የግማሽ ገጽ ማስታወሻ እንዴት እንደሚዘጋጅ

አዳማ ውስጥ በጠዋት ካርድ አውጥቶ ግማሽ ቀን ተራ የጠበቀ ሰው፣ ሐኪሙ ፊት ቀርቦ ነገሩን ሳይጨርስ የላቦራቶሪ ወረቀት ተሰጥቶት ይወጣል። ተናዶም ስልኩን ያወጣና ቻትጂፒቲ የተባለውን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) «ምን ሆኜ ነው?» ይለዋል። ኤአይ ግን ሆድ ዳስሶ፣ ደረት አዳምጦ አያውቅም። የሚያዋጣው ሐኪሙ በአንድ ደቂቃ የሚያነበው ማስታወሻ ማስጻፍ ነው።

ደረት ጨምድዶ ከያዘዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ፊት ከተጣመመ ግን ምንም አይጻፉ፤ 907 ይደውሉ ወይም ያገኙትን ባጃጅ ይዘው ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

መጀመሪያ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያባብሰው፣ የሚወስዱትንም መድኃኒት ከነሚሊግራሙ ይጻፉ። ዳማከሴ ጠጥተው ከሆነ አይደብቁ።

አማርኛችን ጉድ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ኤአይን «ምች መታኝ» ቢሉት ሳንባ ምች መስሎት ስለ ኒሞኒያ ሊተነትንልዎት ይችላል። የበሽታውን ስም ትተው «አተኮሰኝ፣ ከንፈሬ ቆሰለ» ይበሉት። «ማታ 3 ሰዓት»ንም በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ ሌሊት 9 ሰዓት ሊያደርገው ስለሚችል «ከእራት በኋላ» ማለት ይሻላል። ትኩሳት ካለ አዳማ እንደሚኖሩ፣ ሰሞኑን ወንጂ ወይም መተሐራ ሄደው ከሆነም ያንን ይጨምሩ፤ አገሩን ካላወቀ ወባን ሊዘል ይችላል።

የላቦራቶሪ ቁጥር ያለ መለኪያው አይስጡት። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለትና 7 ሚሊሞል በሊትር ማለት አንድ ነው፤ ባዶ «7» ሲያይ ግን ይገምታል። የታይፎይድ ዊዳል ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነም አይደናገጡ፣ ቀድሞ ይዞ የለቀቀ በሽታም እንዲያ ሊያሳይ ይችላል። ወረቀቱን ፎቶ ካነሱ ስምዎንና የካርድ ቁጥሩን ይሸፍኑ። በእጅ የተጻፈ ማዘዣ ግን ፋርማሲስት ያንብብልዎት እንጂ ለኤአይ አይስጡ።

ከዚያ እንዲህ ይዘዙት፦ «በ8 መስመር አሳጥርልኝ፤ ያላልኩትን አትጨምር፤ ሐኪሙን የምጠይቀው 3 ጥያቄ ጻፍልኝ።» ቢከለክሉትም አንዳንዴ ስለሚጨምር መስመር በመስመር አንብበው ያልተናገሩትን ይሰርዙ።

በመጨረሻ በእጅዎ ወረቀት ላይ ይገልብጡት። ስልክ ቢያቀብሉት ሐኪሙ እያሸጋገረ ይጠፋበታል። እንደተቀመጡ ወረቀቱን ይስጡት፤ «መድኃኒቱን ስንት ቀን ልውሰደው? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከመነሳትዎ በፊት እዚያው ጀርባው ላይ ይጻፉ።